ያለ ማሞቂያ የሚሞቅ ቤት፦ የደጋን ብርድ በጥቂት ወጪ ለመከላከል ዝርዝር መመሪያ

ለገና ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ፤ «እዚያ በረዶ ይጥላል፣ ቤት ውስጥ ግን እንዲህ በርዶን አያውቅም።» እውነታቸውን ነው። እነሱ የሚኖሩበት ቤት ለብርድ ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛ ቤት የተሠራው ለዝናብ ነው። ቆርቆሮው ውሃ ይከለክላል፣ ሙቀት ግን አይዝም። የበሩና የመስኮቱ ዳር ዳር ክፍት ነው፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ስለዚህ ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ከሰል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ይህ በሚያፈስ ማሰሮ ውስጥ ውሃ እየቀዱ መጨመር ማለት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ለማሞቂያ የሚቀር ሥራ ብዙ አይሆንም።

ይህ መመሪያ እንደ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ታቦርና ደብረ ብርሃን ባሉ የደጋ ከተሞች በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ግድግዳው ጭቃም ይሁን ብሎኬት ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ ያለ ይቀንሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍን ደመና የለም። ምድርም ጣሪያም ቀን የጠጡትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቁታል። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለሆነ በዚህ ሁሉን ይቀድማል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ባይኖርም ቆርቆሮው ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮርኒስ በሌለው ቤት ይህ ቀዝቃዛ ብረት በቀጥታ ራሳችን ላይ ተዘርግቷል። ሞቅ ያለ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆርቆሮውን ነክቶ ቀዝቅዞ ይወርዳል። ትንፋሻችንም እዚያው ጠብታ ሆኖ ይንጠባጠባል። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ንጋት ላይ አልጋችሁ ላይ ውሃ ጠብ ካለ ጣሪያው አላፈሰሰም፤ አልቦት ነው። አራት ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል።

አንደኛ፦ ቤቱን በአንድ ምሽት መርምሩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነፋሱ የሚገባበትን እወቁ። ነፋስ ያለበት ምሽት ምረጡ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ከዚያ ዕጣን አጭሱ። ማጨሻውን ይዛችሁ በበሩ ሥር፣ በመቃኑ ዳርና ዳር፣ በመስኮቱ ክፈፍ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ማዕዘን ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ተጠማዝዞ ከሸሸ ወይም ወደ አንድ ቀዳዳ ከተሳበ እዚያ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ስትጨርሱ በሩን ከፍታችሁ ማጨሻውን አውጡት።

ቀን ደግሞ ተቃራኒውን ሥሩ፦ መጋረጃውን ሁሉ ዘግታችሁ ቤቱን አጨልሙና ብርሃን የሚገባበትን ስንጥቅ ተመልከቱ። ብርሃን በገባበት ሁሉ ብርድም ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚገርመው በቆርቆሮው ሞገድና በግድግዳው አናት መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። እያንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ናት፣ በቤቱ ዙሪያ ስትደመር ግን አንድ መስኮት ከፍቶ የማደር ያህል ትሆናለች።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳውን ድፈኑ

ከበሩ ሥር ጀምሩ። የድሮ ሱሪ እግር ቆርጣችሁ አንዱን ጫፍ ስፉት፣ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ሙሉበት፣ ሌላውንም ጫፍ ስፉት። ርዝመቱ ከበሩ ስፋት ትንሽ ይብለጥ። ማታ ከበሩ ሥር ስታጋድሙት በክብደቱ ተጭኖ ይቀመጣል። ጨርቅ ብቻ የሞላችሁበት ግን ነፋስ ሲገፋው ይሸሻል፣ አሸዋ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የላሜራ በርና መስኮት ዳሩን የሚሞላ ነገር ይፈልጋል። በግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው አንድ ፊቱ የሚለጠፍ ስፖንጅ ርካሽ ነው፤ ከመለጠፋችሁ በፊት ብረቱን ከአቧራና ከቅባት አጽዱት፣ አለዚያ በሳምንቱ ይረግፋል። ስፖንጁ ወፍራም ከሆነ በሩ እምቢ ስለሚል ክፍተቱን በታጠፈ ወረቀት ለክታችሁ ተመጣጣኙን ግዙ። መስተዋቱ ዙሪያ ያለው ስቱኮ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፍቃችሁ አዲስ ስቱኮ አድርጉበት። ይህን ሥራ ማንም ሰው በጣቱና በቢላዋ ይሠራዋል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ብርዱ ሳይጠና። ጭቃና የጤፍ ጭድ አብኩታችሁ ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ ውሃ እያርከፈከፋችሁ እርገጡት። የሰነበተ ጭቃ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ስንጥቁን አስፍታችሁ ልቅ የሆነውን አፈር ጥረጉ፣ በውሃ አርጥቡ፣ ከዚያ በኃይል ወርውራችሁ ምረጉ። ደረቅ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ ውሃው ወዲያው ስለሚመጠጥ ይላቀቃል። ሲደርቅ በእበትና በላመ አፈር ለቅልቁት። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት አትርሱ፤ እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር በየዓመቱ እንደገና ይከፈታል።

ሦስተኛ፦ ኮርኒስ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ኮርኒስ ይሁን። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የእሱን ያህል ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ኮርኒስ ሲባል የግድ ጂፕሰም ወይም ፒቪሲ አይደለም። አያቶቻችን አቡጀዲ ወጥረው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ሰፈር የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አለ። አንዳንዱ ሰው ያፍርበታል። በበኩሌ በደንብ የተወጠረ ነጭ የማዳበሪያ ኮርኒስ ኮርኒስ ከሌለው ውድ ቤት ይሻላል ባይ ነኝ። ዋናው ሥራ የሚሠራው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው።

መጀመሪያ ጣሪያው የማያፈስ መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ኮርኒስ ከተመታ በኋላ ቀዳዳ መፈለግ መከራ ነው። የምስማር ቀዳዳዎችን በሬንጅና በቁራጭ ጨርቅ ድፈኑ። ቀጥሎ በግድግዳው ዙሪያ በአንድ ከፍታ መስመር አስምሩና ሞራሌ ምቱበት፤ መካከሉንም በ60 ሴንቲሜትር ርቀት በሞራሌ ክፈሉት። ኮርኒሱ ከቆርቆሮው ዝቅተኛ ቦታ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። ከጣሪያው ተዳፋት ጋር አብሮ ከሚወጣ ኮርኒስ ጠፍጣፋው ይመረጣል፤ የምታሞቁት አየር ይቀንሳልና።

ከረጢት የምትጠቀሙ ከሆነ የዱቄት ወይም የስኳር ይሁን፤ ማዳበሪያ የነበረበት ከሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከረጢቶቹን ተርትራችሁ አንድ ላይ ስፏቸው፣ ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ ወጥሩ። ሁለት ሰው ይጎትት፣ አንድ ሰው ምስማር ይምታ። ዳሩን በሊስቴሎ (በስስ የእንጨት ዘንግ) ያዙት። ኮርኒሱ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ላይ ክፍተት ከተዋችሁ ሞቃቱ አየር በዚያው ይወጣል፣ የለፋችሁበት ግማሹ ከንቱ ይሆናል።

ከኮርኒሱ በላይ ሁለት ሦስት ንብርብር ካርቶን ብትደረድሩ ሙቀት አያያዙ በግልጽ ይሻሻላል። እዚህ ላይ ግን ሦስት ጥንቃቄ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ ካርቶኑ ከመግባቱ በፊት በባለሙያ ይሠራ። አምፖሉ ካርቶኑንም ከረጢቱንም አይንካ፤ ብዙ የማይግል ኤልኢዲ ይሁን። ጭድ ደግሞ አታስገቡ። ጭድ ለሙቀት ግሩም ነው፣ ለአይጥና ለቁንጫ ግን ከዚያ የበለጠ ግሩም ነው።

አሁን ከኮርኒሱ በላይ ያለውን የቆርቆሮ ሞገድ ክፍተት ሙሉ በሙሉ አትድፈኑት። አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ነፋስ ግን ይለፍበት፤ አለዚያ እርጥበቱ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ነገሩ ይለያል፦ በአልጋው በኩል ያለውን ሞገድ በጨርቅ ጠቅጥቁ፣ ከአልጋው በተቃራኒ ጥቂቱን ለአየር ተዉ።

አራተኛ፦ ፀሐይዋን አስገቧት

ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ቤት ውስጥ ግን አይሠራበትም። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ከአናታችን አትቆምም፤ በደቡብ በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ያገኛል። ማለዳ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ ስታዞሩ ቀኝ እጃችሁ ወደ ደቡብ ነው። በዚያ በኩል መጋረጃ፣ ቁም ሣጥን ወይም ውጭ የተሰቀለ ልብስ ፀሐይዋን የሚጋርድ ከሆነ አንሱት።

ከዚህ የሚበልጥ ደግሞ አለ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ውጪው ከቤት ውስጥ ይሞቃል። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል መስኮትና በር ወለል አድርጋችሁ ብትከፍቱ ነፃ ሙቀት ይገባል፣ ሌሊት የተጠራቀመው እርጥበትም ይወጣል። ብዙዎቻችን ግን ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ብርዱ በጠናበት፣ «ቤቱ አየር ያግኝ» ብለን ከፍተን ከሰዓት ዘግተን እንሄዳለን። ይገልበጥ። 10 ሰዓት ሲሆን ዝጉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋረጃውን ሳቡ። ቀን ቤቱ ሰው የማይኖርበት ከሆነ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንኳ ይህን ማድረግ ግድግዳውን ያደርቀዋል፤ ደረቅ ግድግዳ ደግሞ ከእርጥብ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

መጋረጃው ወፍራም ይሁን፣ ከመስኮቱ ክፈፍ በግራም በቀኝም አልፎ ግድግዳውን ይንካ፣ እስከ ወለሉ ይውረድ። አጭር መጋረጃ ከታች ቀዝቃዛ አየር ያፈስሳል። ወፍራም ጨርቅ ከሌለ አሮጌ ብርድ ልብስ ከጀርባው ጨምራችሁ ስፉ። የማይከፈት መስኮት ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በክፈፉ ላይ ወጥራችሁ በስኮች ብትለጥፉ፣ ከመስተዋቱ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ከቆመ፣ ብርሃን ሳይከለክል እንደ ሁለተኛ መስተዋት ያገለግላል።

አምስተኛ፦ ክፍሉን ተዉና ሰውን አሙቁ

አንድ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። አራት ሰው የተቀመጠበት የተደፈነ ትንሽ ክፍል 400 ዋት ማሞቂያ ተከፍቶበታል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቱን ሁሉም በአንድ ክፍል ቢያሳልፍ፣ የቀሩት ክፍሎች በር ቢዘጋ፣ ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

አልጋ ላይ ሰው የሚረሳው የታችኛውን ነው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ያነጠፈ ሰው ሌሊቱን ከታች ሲበርደው ያድራል፤ ስፖንጁ በክብደቱ ሲጫን የያዘው አየር ይወጣልና። ከፍራሹ ሥር ካርቶን ወይም ሰሌን፣ ከአንሶላው ሥር ደግሞ ባና አንጥፉ። የመንዝ ባና ከበግ ፀጉር የተሠራ ስለሆነ ቢጫኑትም አየር ይይዛል፣ ጥቂት ቢረጥብም ሙቀቱን አይለቅም። ከላይ ደግሞ ጋቢውን ወደ ገላ አቅርቡ፣ ከባዱን ብርድ ልብስ በላዩ ላይ ደርቡ። አልጋውን ከውጪ ግድግዳ አንድ ጋት ያህል አርቁት። ሊሾ ወለል ላይ ጅባ ወይም አጎዛ፣ ከሥሩም ካርቶን ቢነጠፍ እግር ይተርፋል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ለአንድ ሰው ከሁሉ ርካሹ ማሞቂያ ነው። 2 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በአራት ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰውን ነው፤ አልጋውን ግን ለሰዓታት ያሞቃል። የፈላ ውሃ አትሙሉበት፣ ትንሽ ይብረድ። አየሩን ተጭናችሁ አውጡና ክዳኑን አጥብቁ፣ በጨርቅ ጠቅልሉት። ሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል፣ ሊፈስም ይችላል። ለሕፃናት፣ እንዲሁም በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች እንቅልፍ ላይ አታስቀምጡላቸው፤ ሲያቃጥላቸው አይሰማቸውም ወይም መሸሽ አይችሉም።

ከሰል

እስካሁን ያልኳችሁን ሁሉ ከሠራችሁ ከሰል ከበፊቱ ይልቅ አደገኛ ሆኗል። ነፋስ የሚያስገባው ቤት ብርዱን እንዳስገባ ሁሉ መርዙንም ያስወጣ ነበር። አሁን ደፍናችሁታል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስለዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህን እንኳ ሳያውቅ ይሞታል።

«ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ ምንም አይልም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጋዙ የሚወጣው ከቀላው ፍምም ነው። አመድ አልብሶ ማዳፈንም አይረዳም፤ የተዳፈነ ፍም አየር እያነሰው ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ጋዝ ሲለቅ ያድራል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ጋዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። ቡና የሚፈላ ከሆነ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ቤት ከገባም በርና በትይዩው ያለ መስኮት ይከፈት፣ ሲያበቃ ምድጃው ከነአመዱ ውጭ ይውጣ።

አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው አትበሉ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ራሱን የሳተ ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽንን በ939 ጥሩ።

ኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጠቀም ካለባችሁ

ሕመምተኛ፣ አራስ ወይም አረጋዊ ካለ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በቀን ለአራት ሰዓት ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ ሂሳቡ ከምትገምቱት ይልቃል። ከመኝታ በፊት ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ወደ ሰው አዙራችሁ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቃችሁ ተጠቀሙ። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ስስ ኤክስቴንሽን ይግላል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት። የሚያሰጋው ጠፍቶ የቆየው መብራት ሁሉም በተኛበት በ8 ሰዓት ሌሊት ሲመጣ ነው። እንጀራ የምትጋግሩት ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ደግሞ ጋገራውን ወደ ምሽት አዙሩት፤ ምጣዱ ከጠፋ በኋላም ረጅም ጊዜ ሙቀት ይሰጣል።

የክረምቱ ጉዳይ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠላታችን እርጥበት ነው። ደመናው ሌሊቱን ብዙ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል፤ ቀን ግን ፀሐይ የለም፣ ልብስም ግድግዳም አይደርቅም። ከዝናቡ በፊት፣ በግንቦት፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ቦይ ጥረጉ፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለ አንሱ። የታጠበ ልብስ በመኝታ ክፍል አታስጡ። ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጥቂት ይራቅ፣ ከኋላው ሻጋታ የሚበቅለው አየር ስለማይዞርበት ነው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ፍራሹና ብርድ ልብሱ ይውጣ፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ስንት ቢደረብ አያሞቅም።

ተከራይ ለሆናችሁ

ኮርኒስ መምታት የአከራዩ ሥራ ነው፣ ግን ሲጠየቁ እሺ የሚሉ ጥቂት ናቸው። የሚያዋጣው መንገድ ዕቃውን እሳቸው ገዝተው ጉልበቱን እናንተ ማዋጣት፣ ወይም ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብ መስማማት ነው። ስምምነቱ ቃል ብቻ አይሁን፣ በወረቀት ይስፈር፤ ምን ያህል ብር እንደወጣና ከየትኛው ወር ኪራይ እንደሚቀነስ ይጻፍ። ካልተስማሙ አልጋችሁን ብቻ የሚሸፍን ኮርኒስ ሥሩ፦ በአራት ማዕዘን አራት እንጨት አቁማችሁ ከላይ አቡጀዲ ወጥሩ፣ ከጎንና ከጎን መጋረጃ አውርዱ፤ ለትንፋሽ አየር እንዲገባ በአንድ በኩል ክፍት ይሁን። የአሸዋው ከረጢት፣ መጋረጃው፣ ባናውና ይኸኛው ኮርኒስ ቤት ስትቀይሩ አብረዋችሁ ይሄዳሉ።